በስትሮክ የተመታ ሰው ጭንቅላቱ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ? የአድማጮች ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ አባቴን ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ትራሱን ከራሳቸው ሥር አወጣችው። በዚያው በሽታ የታመሙት ጎረቤታችን ግን ጭንቅላታቸው ከፍ ተደርጎ ነበር የተኙት። ትክክሉ የትኛው ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ሁለቱም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክ የደም ሥር ሲዘጋም ሲፈነዳም ይመጣልና።

ጤነኛ አንጎል ብንቆምም ብንተኛም የደም ሥሮቹን እያሰፋና እያጠበበ የሚደርሰውን ደም ያመጣጥናል። የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ግን የተጎዳው ክፍል ይህን ችሎታ ያጣል፤ ደም የሚያገኘው ግፊቱ በፈቀደለት መጠን ብቻ ይሆናል። በዚያ ዙሪያ ሥራ ያቆመ፣ ነገር ግን ገና ያልሞተ የአንጎል ክፍል አለ። በጀርባ ዝርግ ብሎ መተኛት ለዚህ ክፍል የሚደርሰውን ደም ሊጨምርለት ይችላል።

ይህ ማለት ግን ለሁሉም ሰው ትራስ ይነሳ ማለት አይደለም። በ2017 የታተመ፣ በ9 አገሮች ከ11,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ለ24 ሰዓት ዝርግ ብለው የተኙትንና ጭንቅላታቸው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ያለላቸውን አነጻጽሮ፣ ከሦስት ወር በኋላ በአካል ጉዳት ረገድ ልዩነት አላገኘም። አብዛኞቹ ቀለል ያለ ስትሮክ የነበራቸው ናቸው። በኋላ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶባቸው የረጋው ደም በቀጭን ቱቦ እስኪወጣላቸው የሚጠብቁትን ብቻ ለይቶ ተመለከተ። ዝርግ ብለው የተኙት የባሰባቸው በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

ደም ከፈሰሰ ነገሩ ይገለበጣል። የራስ ቅል አጥንት ስለማይሰፋ የፈሰሰው ደም አንጎልን ይጫናል። ጭንቅላት 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ አንገት ቀጥ ሲል ደም ወደ ልብ በቀላሉ ይመለሳል፤ ጫናውም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ መኪና እስኪመጣ ቤት ውስጥ እንዴት እናስተኛው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ መዘጋት ይሁን መፍሰስ ቤት ሆኖ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ በትራስ ጉዳይ አንድ ደቂቃ እንኳ አታባክኑ። የሚያስታውክ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ውኃም ሆነ ሎሚ በአፉ አትስጡ። አስፕሪንም አትስጡ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ባለው አራት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነውና ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አልጋ ላይ እንዳይቀሩብኝ ቶሎ ላስነሳቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በመጀመሪያው ቀን አይቸኩሉ። በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት በ24 ሰዓት ውስጥ ተነስተው ደጋግመው እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ውጤታቸው ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ቀኑን ሐኪሙ ይወስን። ሲነሱም መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፤ ካዞራቸው መልሰው ያስተኟቸው። አጥሚት የሚሰጧቸው መዋጥ መቻላቸው በባለሙያ ከታየ በኋላ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ ነው። ትን ካላቸው ወይም ድምፃቸው እርጥብ ከሆነ ወዲያው ያቁሙ፤ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል።