የዘንዶ እንቁላል የዶሮ እንቁላል አይደለም

[ምስል፦ በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርስ በርስ የተጣበቁ ስድስት ነጭ እንቁላሎች]

ዶሮ አስታቅፎ የሚያውቅ ሰው የእባብ እንቁላል እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማገላበጥ ነው። ዶሮዋ በቀን ብዙ ጊዜ በመንቆሯ ስለምታገላብጥ እርሱም ደግ የሠራ ይመስለዋል። ይህ ግን ጽንሱን ሊገድለው ይችላል።

ዛሬ የምናየው ኳስ ዘንዶን ነው። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ ሲደነግጥ ራሱን መሀል አድርጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ስሙን ከዚያው አገኘ። በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት በቤት ከሚረቡት እባቦች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ቆላ የሚገኘው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ ሌላ ዝርያ ነው፤ እርሱን ሳሎን እንድታስገቡ ማንንም አልመክርም።

[ምስል፦ እንቁላሎቹን ከብባ የተጠቀለለች እናት ዘንዶ]

የእንቁላሉ ልጣጭ እንደለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ውሃና አየር ያስተላልፋል። እንቁላሉ ከተጣለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ጽንሱ ከላይ በኩል ከልጣጩ ውስጠኛ ገጽ ጋር ይያያዛል። ያኔ የገለበጠው ሰው የአስኳሉን ክብደት ሁሉ በጽንሱ ላይ ጫነበት ማለት ነው። ስለዚህ ከእናቲቱ እንደተወሰዱ አናታቸው ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱም እስከ መጨረሻው ወደ ላይ እንዳየ ይቆያል። ተጣብቀው ከተገኙ ለማላቀቅ አትታገሉ።

ሣጥኑ ውስጥ የሚነጠፈው ቨርሚኩላይት ነው፤ በሙቀት የተነፋ፣ ቀለል ያለ የማዕድን ፍርፋሪ። ውሃ ይጨመርበትና በጡጫ ይጨመቃል፤ ጠብ ካለ ውሃው በዝቷል። ሙቀቱ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። 37 ተኩል ገደማ ላይ የሚሠራውን የዶሮ ማስፈልፈያ እንዳለ መጠቀም እንቁላሉን መቀቀል ነው። ከ34 በላይ ከዘለቀም የጀርባ አጥንቱ የተጣመመ ግልገል ሊወጣ ይችላል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ደግሞ ከእንቁላሎቹ አጠገብ ይቀመጥ፤ ክዳኑ ላይ ያለው ሙቀት ሌላ ነው።

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፤ ከእንቁላል ጎን የተጠጋ ትንሽ የእጅ ባትሪ]

ከዶሮ እርባታ የምንወስደው አንድ ጥሩ ልማድ በብርሃን ማየት ነው። እንቁላሉን ሳናነሣ የማይሞቅ ትንሽ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ እናስጠጋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሮዝ ብርሃንና እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጉ ቀይ የደም ሥሮች ከታዩ ጽንሱ ሕያው ነው። ቢጫ ሆኖ ምንም ሥር የማይታይበት፣ ትንሽና እንደ ሰም የሆነው፣ ብዙውን ጊዜ ከመነሻውም ዘር የሌለው ነው። ቀኑ በገፋ ቁጥር ውስጡ እየጨለመ ይሄዳል፤ ይህ ግልገሉ ቦታውን እየሞላ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

ሻጋታ ሲያዩ ብዙዎች ይደነግጣሉ። የሞተ እንቁላል ይሻግታል፤ ጎረቤቱ ግን ጤነኛ ሆኖ ሊፈለፈል ይችላል። መሰርጎድም እንደ ጊዜው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰረጎደ ደርቋልና ውሃ ይጨመር፤ በእንቁላሉ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ቨርሚኩላይት ላይ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሆነ ግን መውጫው ተቃርቧል።

[ምስል፦ የተሰነጠቀ ልጣጭ፣ ብቅ ያለ አፍንጫ]

ከ55 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ግልገሉ አፍንጫው ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ ጥርስ ልጣጩን ይሰነጥቃል። ብቅ ይልና ያየናል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን እዚያው ይቆያል፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ለእኔ ከባዱ ይህ ነው፤ እጅ ለመጎተት ይቁነጠነጣል። የጎተተ ሰው ግን ገና ያልተዘጋውን እትብት ሊበጥስ ይችላል።

ወጥቶ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቆዳውን ይገፋል። ትንሿን አይጥ የምናቀርብለት ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያስኳሉ ስንቅ ይበቃዋል።