የደንገጎ ዝናብና የአባቴ ፌስታል

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ድምፄን የምቀዳው ከቤት አይደለም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጥላ ሥር ባቆምኳት አሮጌ አይሱዙ ካቢና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከኋላ የሚሰማችሁ የባጃጅ ድምፅ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ የማይሰማበት ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

መኪናዋን የወረስኳት ከአባቴ ነው። ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት እናወርድባታለን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚህ ስለ ካቢና ማፍሰስ የሚጨነቅ የለም። ክረምት ላይ ወደ ሐረማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ስትጀምሩ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ይቀበላችኋል፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ጠብ ጠብ ይላል፣ ፍሪሲዮን የምረግጥበት ግራ እግሬ ካልሲው ድረስ ይርሳል። የአባቴ መድኃኒት ፌስታል ነበር። እግሩን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ይነዳል። «መኪናም ያልበዋል» ይል ነበር። (አባቱን አንተ ይላል ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይገኝም።)

እኔ ፌስታል አልወድም። ጋራዥ ወሰድኳትና የፊት መስታወቱ ጎማ ነው ተባለ። እውነትም ፀሐይ አድርቆት እንደ እንጨት ጠንክሯል፤ ሲነሳ ከሥሩ ላሜራው በዝገት ተበልቷል። ከዚያ በፊት አንዱ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ከላይ ለጥፎበት ነበር። ያ ዓይነቱ ሲሊኮን ባዶ ብረት ላይ ሲያርፍ ራሱ ያዝገዋል፤ ውኃውንም ከውስጥ ይቆልፈዋል። ዝገቱ ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ጎማ ገባ። አገባቡን ማየት ደስ ይላል፦ በጎማው ቦይ ዙሪያ ገመድ ይጠመጠማል፣ ሳሙና ይቀባል፣ አንዱ ከውጭ በመዳፉ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል፤ የጎማው ከንፈር ብረቱን እየነከሰ ይገባል።

በሳምንቱ ደንገጎ ላይ ካልሲዬ ረጠበ።

ከዚህ በኋላ ራሴ ገባሁበት። ረዳቴ ከውጭ የውኃ ጎማ ይዞ፣ እኔ ባትሪ አብርቼ ከመሪው ሥር ተጋድሜ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚሞከረው፤ ከጣሪያው ከጀመራችሁ ውኃው ሁሉንም ያለብስና ጥፋተኛው አይለይም። መጀመሪያ በሮቹ። ከሥራቸው ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ተደፍነው ነበር፤ በሽቦ ስንወጋቸው ጭቃ፣ አሸዋና የገረባ (የጫት ትራፊ) ስብርባሪ ወጣ። ጫት የጫነችበትን ዘመን እኔም አላስታውሰውም። ቀጥሎ መስታወቱ፤ ደረቅ። በመጨረሻ ጣሪያው። ምንም የለም ብዬ ልነሳ ስል ግንባሬ ላይ ጠብ አለ።

የጣሪያውን ልባስ ስናወርድ ቡናማ መስመር ታየ። ከጣሪያው መሐል ይነሳና በላሜራው መገጣጠሚያ ተጉዞ፣ በመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ወርዶ ዳሽቦርዱ ኋላ ይጠፋል። እኔ ከተማችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ፣ ደቻቱን ነው ያስታወስኩት። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውኃው ከእኛ ሰማይ ሳይሆን ከደጋው ነው የሚመጣው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ከዚያው ከላይ የወረደ ነበር። ድሬ ያደገ ሰው ውኃ ሲያይ ወደ ተራራው ማየት አለበት፤ እኔ ግን እግሬን ስመለከት ሁለት ዓመት ፈጀሁ።

መስመሩ የሚነሳው ከአንድ ብሎን ነው። አባቴ ዕቃ መጫኛ ለመግጠም ጣሪያውን አራት ቦታ በስቶ ነበር፤ በኋላ መጫኛውን ሲያነሳ ቀዳዳዎቹን በብሎን ዘጋቸው፣ በየብሎኑ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) በመቀስ የተቆረጠ ክብ አደረገ። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው እንደ ቋንጣ ደርቆ ተሰንጥቋል። የመቀሱ አቆራረጥ እንኳ ይታያል፤ ክብ ሊያደርገው ሞክሮ ስድስት ጎን ሆኖበታል። ፌስታል ያጠለቀው ለገዛ ሥራው መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም። ወይም ያውቅ ነበር።

ሱቅ የሚሸጥ አለ፤ እኔ ግን ጎሚስታ ቤት ሄጄ ቁራጭ ከመነዳሪ ለመንኩና አራት ቆረጥኩ። የእኔዎቹም ክብ አልሆኑም።

ትናንት ደንገጎ ላይ በደንብ ዘነበ። እግሬ ደረቅ ነው። በረዳቴ በኩል ግን፣ በሩ ላይ፣ አንድ ነገር ጠብ አለ። ቀና ብሎ አየ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፦ «አቦ፣ የአባትህ ፌስታል የት ነው?»