የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ድራትሃር እቤት ሲገባ

የዛሬው የስልክ ሰዓት በአንድ ውሻ ተያዘ። ድራትሃር ይባላል። የጀርመን አዳኝ ውሻ ነው፤ ፀጉሩ ሻካራና ጠንካራ፣ ፂምና ወፍራም ቅንድብ ያለው። ወንዱ ትከሻው ጋ ሲለካ እስከ 68 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። የደወላችሁት በሙሉ ከጀርመን ስለሆነ መልሴም የዚያን አገር ኑሮ የተከተለ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከፍራንክፈርት የደወለች እህት፦ «ዶክተር፣ ውሻችን 11 ወሩ ነው። ባለቤቴም እኔም ቀን ሥራ ነን። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት እናወጣዋለን። ሶፋውን ዘነጣጠለው፣ አሁን ደግሞ በሩን ይቧጥጣል። ክፉ ውሻ ነው እንዴ የገዛነው?»

ክፉ አይደለም እህቴ። ሥራ ፈትቶ ነው። ይሄ ዘር ለምን እንደተፈጠረ ብታውቂ ሶፋው አይገርምሽም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የጀርመን አዳኞች ሁሉን በአንድ የሚሠራ ውሻ ፈለጉ፤ ቆቅ የተደበቀበትን አሽትቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚያመለክት፣ የቆሰለ አጋዘን በደሙ ጠብታ ተከትሎ የሚያገኝ፣ የወደቀ ዳክዬ ከቀዝቃዛ ውሃ ዋኝቶ የሚያመጣ። የዘሩ ማኅበር በፈረንጆቹ 1902 ተቋቋመ። እዚያ ማኅበር ውስጥ ዛሬም ለማራባት የሚመረጡት የአደን ፈተና ያለፉ ውሾች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ትጉ ትጉው እየተመረጠ የመጣ እንስሳ ነው እንግዲህ እናንተ ቤት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የሚውለው። በገመድ ታስሮ የአንድ ሰዓት መንገድ ለሱ ምንም ማለት አይደለም። አዋቂው ድራትሃር በቀን ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል።

ግን ተጠንቀቂ፣ መፍትሔው ማስሮጥ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ከብስክሌት ኋላ ያስሮጠዋል። በ11 ወር አጥንቱ ገና አልጠናም፣ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። ደግሞም ሩጫ ብቻ ከሆነ ትንፋሹን ነው የምታጠነክሪለት፤ በወሩ ከበፊቱ የበለጠ ሩጫ የሚፈልግ ውሻ ይሆንብሻል። የሚያደክመው አፍንጫውን ማሠራት ነው። የቁርሱን ግማሽ ሳር ላይ በትኚና ራሱ ፈልጎ ይብላ። ቅዳሜ ሜዳ ውጡ፣ ቁራጭ ጨጓራ በገመድ አስረሽ መቶ እርምጃ ያህል መሬት ለመሬት ጎትቺ፣ መሃል ላይ አንዴ ታጠፊ፣ መጨረሻው ላይ ጨጓራውን ተዪለት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፋናውን ተከትሎ እንዲያገኘው አድርጊ። ሲያገኝ ፊቱን እዪው። ከረጅም ሩጫ ይልቅ በዚህ የሩብ ሰዓት ሥራ ተዘርግቶ ይተኛል። በበጋ ደግሞ መዋኘት በሚፈቀድበት ሐይቅ ዕቃ እየወረወራችሁ አምጣ በሉት።

የቀኑ ሰዓት ይቀራል። ስምንት ሰዓት ብቻውን መተው አይሆንም። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን የውሻ አያያዝ ደንብም ውሻ በቂ ጊዜ ውጭ እንዲወጣና በቀን ውስጥ ደጋግሞ ከሰው ጋር እንዲሆን ያዝዛል። ቀን ላይ መጥቶ የሚያወጣው ሰው ቅጠሩ፣ ወይም ፈረቃችሁን አለያዩ። ሁለቱም ካልተቻለ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ የሸጠላችሁን ሰው ደውላችሁ ማማከር ነውር የለውም። አዳኝ ቤት ቢሄድ ደስ ብሎት ይኖራል። ጋራዥ ውስጥ ታስሮ ከሚያረጅ ይሻለዋል።

ከሃኖቨር አካባቢ የደወለ ወንድም፦ «ጫካ ዳር ፈትቼው አጋዘን አየና ጠፋ። በስንት ጭንቀት ተመለሰ። ስመታው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስጠራው አይመጣም።»

ወንድሜ፣ ተመልሶ ሲመጣ የተመታ ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ወዳንተ መምጣት እንደሚያስመታ። ከዛሬ ጀምሮ ዘግይቶም ቢመጣ ተቀበለው። ልክ እንደገና እንደ ቡችላ ጀምር፤ አሥር ሜትር ገመድ አስርለት፣ ፊሽካ ግዛ፣ ፊሽካ ሲሰማ ዞር ካለ ሥጋ ስጠው። እቤት፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ሜዳ። ጫካ መጨረሻ ነው። የማደን ስሜቱን ግን ከውስጡ አታወጣውም፣ አትድከም።

ሌላው ሕጉ ነው። አንተ ያለህበት ኒደርዛክሰን ከሚያዝያ (አፕሪል) 1 እስከ ጁላይ 15 የዱር እንስሳትና ወፎች የሚወልዱበትና የሚፈለፍሉበት ወቅት ስለሆነ ውሻ በገመድ መያዝ ግዴታ ነው። ቅጣት አለው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ በብዙ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች የዱር እንስሳ እያሳደደ የተገኘ ውሻን አዳኝ በሕግ የሚተኩስበት ሁኔታ አለ። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ አጋዘን ወደ ሜዳ ይወጣል፤ በነዚያ ሰዓቶች ጫካ ዳር አትፍታው። አንገቱ ላይ ጂፒኤስ ማድረግም ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

ከሽቱትጋርት፦ «ሙቀት ሲመጣ አሳዝኖን በማሽን አስላጨነው። አሁን ፀጉሩ ለስልሶ ጭቃ ሁሉ ይይዛል።»

ማሽን ለዚህ ውሻ አይሆንም። ሁለት ዓይነት ፀጉር አለው፦ ውጪ ውሃና እሾህ የሚመልስ ጠንካራው፣ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ለስላሳው። ማሽን ጠንካራውን ከግማሹ ይቆርጠዋል፣ ለስላሳው ደግሞ ይበዛበታል። የሚሻለው የደረቀውን ፀጉር በጣት ወይም ለዚሁ በተሠራ የፀጉር መንቀያ ቢላ ወደ በቀለበት አቅጣጫ መንቀል ነው፤ ጊዜው የደረሰ ፀጉር በቀላሉ ይወጣል፣ አያመውም። በዓመት ሁለቴ ያህል ይህን የሚችል ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ታገሱ። በየሳምንቱ ቦርሹት፣ ሻምፑ አታብዙበት። ፂሙን ከበላና ከጠጣ በኋላ ጥረጉ፣ አለበለዚያ ይሸታል፣ ቆዳውም ይቆስላል።

ከሜዳ ስትመለሱ ጆሮውንና የእግር ጣቶቹን መሃል እዩ። በበጋ የደረቀ የሳር እሾህ ገብቶ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መዥገሩንም በዚያው ፈልጉ፤ ወፍራም ፀጉር ውስጥ ስለሚደበቅ በዓይን ሳይሆን በእጅ እየዳሰሳችሁ። ላይምና ባቤሲያ የሚባሉ በሽታዎችን ያስተላልፋል። መከላከያ ኪኒን ወይም የአንገት ቀበቶ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ድመት ካላችሁ ይህን ሳትነግሩት እንዳትወጡ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል።

ከኮሎኝ፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ውሻው ራበው እያለች የተረፈ ወጥ በእንጀራ ትሰጠዋለች። ማስቀየም አልፈለግሁም።»

እናትሽ ርኅራኄዋ ነው፣ እግዜር ይስጣት። ግን ወጥ ለውሻ መርዝ አለበት፤ ሽንኩርቱ። ቀይም ነጭም ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ ወይም የተፈጨ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ቅቤው ደግሞ ቆሽቱን ያስቆጣዋል፣ የዶሮ ወጥ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እናትሽን አትከልክያት፣ ሥራውን ቀይሪላት፦ ያልተቀመመ፣ አጥንት የሌለው የተቀቀለ ሥጋ በትንሹ አዘጋጂና በእጇ እሷ ትስጠው። ትደሰታለች፣ ውሻውም ይወዳታል። ቸኮላትና ዘቢብም ከእጁ ይራቅ።

ምግቡን በቀን ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡት፣ ከበላ በኋላ ደግሞ እስኪረጋ አታስሮጡት። ደረተ ጥልቅ ውሻ ስለሆነ ጨጓራው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ሩጡ። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ከበርሊን፦ «ለቡና የሚመጡ እንግዶቻችን ይፈሩታል። ለልጆችስ?»

ለልጆች መልካም ነው፣ ግን ትንሽ ልጅ ሳያስበው ይጥላል፤ ብቻቸውን አትተዉአቸው። ለእንግዳ ደግሞ የራሱ ምንጣፍ ይኑረው። በር ሲንኳኳ ወደዚያ እንዲሄድ በየቀኑ አለማምዱት። ረከቦቱና ከሰሉ ባለበት ክፍል ግን አይግባ፣ የፈራ እንግዳንም «ምንም አያደርግም» ብላችሁ አታስገድዱ።

ከሙኒክ፦ «ለክረምት አዲስ አበባ ይዘነው ብንሄድስ?»

መሄዱ ላይከብድ ይችላል። የሚያስቸግረው መመለሱ ነው። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት የእብድ ውሻ በሽታ በቁጥጥር ሥር ነው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ለመመለስ ክትባቱ መያዙን የሚያሳይ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከመሄዳችሁ በፊት አሠሩት። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ውጤቱ ሳትወጡ በፊት የውሻው ፓስፖርት ላይ ከተጻፈና ክትባቱ ሳይቋረጥ ከታደሰ ወዲያው መመለስ ትችላላችሁ። ደሙ እዚያ ከሄዳችሁ በኋላ ከተወሰደ ግን ሦስት ወር መጠበቅ ነው። የጎዳና ውሾች የሚበዙበት ሰፈርም በገመድ ያዙት። ጉዟችሁ ለሐምሌ ከሆነ የመጀመሪያውን የሐኪም ቀጠሮ ከግንቦት በፊት ያዙ።