የእንጆሪው ሥርና የእናቴ እርሾ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። እዚህ ጎንደር፣ ከአዘዞ ወጣ ብሎ ባለው ጓሮዬ ላስቲክ በለበሰች አንዲት ግሪንሃውስ ውስጥ እንጆሪ ሳለማ ስላጠፋሁትና ስለተማርኩት፣ በተለይም ከሥሩ ጋር ስለሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ብቻዬን ላወጋችሁ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። በገጠሩ እንጆሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በየአጥሩ የሚበቅለው የእሾሃማው ቁጥቋጦ ፍሬ ነው፤ እኔ የምናገረው ግን ከተሜው ስትሮቤሪ ስለሚለው ነው። ይህኛው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከቺሊ የሄዱ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ተክል ነው። ጠባዩ ቅምጥል ነው፤ ውኃ ሲተኛበት ይታመማል፣ ጨው ሲበዛበት የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል።

የመጀመሪያው ዓመት ጥፋቴ የጀመረው ከአፈሩ ነው። ዋልካችን ለሽንብራ የሚመች፣ በክረምት ውኃ አቁሮ የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ አፈር ነው፤ እኔም ከፍ ያለ መደብ ሳልሠራ፣ አሸዋና ኮምፖስት ሳልቀላቅል በዚያው ላይ ተከልሁ። በኅዳር አንድ ጠዋት ጠውልጎ የተኛ ችግኝ ነቅዬ አንገቱን በቢላ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ልቡ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ቀጫጭኖቹን ሥሮች በጣቶቼ መሃል ይዤ ስስባቸው ቅርፊታቸው እንደ ካልሲ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ፤ ከውስጥ የተረፈው ክር የመሰለ ጅማት ብቻ ነበር። ሽታውም የሰነበተ እርጥብ ጨርቅ ሽታ ነው።

እንዲህ ያለውን የሥር በሽታ ትልልቆቹ የእንጆሪ አምራቾች ለብዙ ዓመታት ሲከላከሉ የኖሩት ከመትከላቸው በፊት አፈሩን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ ጋዝ በማጠን ነበር። ጋዙ ክፉውንም ደጉንም አብሮ ይፈጃል። የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ ግን በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ባደጉት አገሮች እስከ 2005፣ በማደግ ላይ ባሉት ደግሞ እስከ 2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከጥቂት የተፈቀዱ አገልግሎቶች በቀር እንዲቀር ተወሰነ። በአፈር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ፍጥረታት ስለማብዛት የሚደረገው ጥረት ይበልጥ እንዲጠናከር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

እኔ የሞከርኋቸው ሦስት ናቸው። ትሪኮደርማ ራሱ ፈንገስ ሆኖ ሌሎች ፈንገሶችን የሚያጠቃ ነው፤ በክሮቹ ይጠመጠምባቸዋል፣ ግድግዳቸውን የሚያሟሟ ኢንዛይም ያመነጫል፣ ቦታቸውንና ምግባቸውንም ቀድሞ ይይዛል። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ድርቅና ሙቀት ሲመጣ ጠንካራ ስፖር ሠርቶ ስለሚያልፈው፣ በዱቄት መልክ ታሽጎ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሦስተኛው ማይኮራይዛ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ይህ ፈንገስ ያለ ሕያው ሥር ኑሮውን መፈጸም አይችልም። ወደ ሥሩ ሕዋሳት ገብቶ ከተክሉ ስኳርና ቅባት ይቀበላል፤ በምላሹ ከሥር ፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ዘርግቶ በተለይ ፎስፎረስ ያመጣለታል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ሳበቃ ያደረግሁትን ስሙኝ። ማይኮራይዛውን በጨመርሁ በሳምንቱ እንዲበረታ ብዬ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበትን ኤንፒኤስ የተባለ ማዳበሪያ በእፍኝ በተንሁበት። ከኤንፒኤስ 38 በመቶው በኦክሳይድ ሲሰላ ፎስፎረስ ነው፤ ተክሉ ፎስፎረሱን ያለ ድካም ካገኘ ደግሞ ለፈንገሱ ስኳር የሚከፍልበት ምክንያት የለውም፣ ስለዚህ በሩን ይዘጋበታል። አልበቃኝም፤ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሳይ ፀረ-ፈንገስ ኬሚካል በጀርባ መርጫ እስከ ሥሩ ድረስ አጠጣሁት። ኬሚካሉ ትሪኮደርማን ከጠላቱ ለይቶ የሚምርበት ምክንያት አልነበረም።

ያነቃችኝ እናቴ ናት። በሁለተኛው ዓመት ተሕዋስያኑ ያሉበትን ዱቄት በባልዲ ልበጠብጥ ከቧንቧ ውኃ ስቀዳ አጠገቤ ቆማ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን አንዳንዴ ክሎሪኑ ጠንከር ይላል።

«ሕይወት ያለው ነገር ነው አላልከኝም እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ በዚህ በረኪና በሚሸት ውኃ? እኔ አብሲቱ እንኳ ሳይበርድ ሊጡ ላይ አልደፋውም፤ እርሾዬን ይገድልብኛል።»

የማውቀውን ነገር ነው የነገረችኝ፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ፓኬቱን እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ እርሾ አስቤው አላውቅም ነበር። መድኃኒት ተሰጥቶ ያበቃል፤ እርሾ ግን ሊጥ፣ ልክ የሆነ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ውኃውን ክዳኑ በተከፈተ በርሜል አሳድራለሁ፣ ፀሐይ ሲበርድ አጠጣለሁ፣ ማይኮራይዛውን በችግኝ ተከላ ጊዜ ሥሩን እንዲነካ አድርጌ ጉድጓዱ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ማዳበሪያውንም በደንብ በበሰለ ኮምፖስት ተክቻለሁ። ትኩስ ፍግ ግን አይሆንም፤ ጨውና አሞኒያው ለእንጆሪ ሥር ይከብዳል።

ውጤቱን ላጋንን አልፈልግም። በገበያ ላይ ምርት እጥፍ ያደርጋል እያለ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞኛል፤ የእኔ መደብ እንዲህ ያለ ተአምር አላሳየኝም። ያየሁት የጠወለጉት ችግኞች ማነሳቸውን፣ ነቅዬ ባየኋቸውም ላይ ሥሩ ነጣ ብሎ አፈሩን እንደ ጭብጥ ጨብጦ መውጣቱን ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የተሕዋስያኑ፣ ስንቱ የከፍ ያለው መደብና የኮምፖስቱ ሥራ እንደሆነ መለየት ስለፈለግሁ፣ ዘንድሮ አንዱን መደብ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖለት ዱቄቱን ብቻ ሳልሰጠው ትቼዋለሁ። እናቴ ይህን መደብ «የእንጀራ ልጅ» ትለዋለች።

ግራጫ ሻጋታውን ግን ገና አላሸነፍሁትም። በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠዋት ጠብታው አበባ ላይ ይወርዳል፤ ሻጋታውም በአበባው ገብቶ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ለጥምቀት እንግዶች ሆቴል ላደርስ የለቀምሁት ፍሬ በማግሥቱ ጠጉር አብቅሎ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ አገር ተመራማሪዎች ንቦች ከቀፎ ሲወጡ ጠቃሚ ፈንገስ ያለበትን ዱቄት ረግጠው እንዲያልፉ በማድረግ ወደ እንጆሪ አበባ እንዲያደርሱት ሞክረው ተሳክቶላቸዋል። እኔ ቀፎው እንጂ ዱቄቱ የለኝም፤ ስለዚህ ለጊዜው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ የግሪንሃውሱን ሁለቱንም ጫፍ እከፍታለሁ፣ የተበላሸውንም ፍሬ እየለቀምሁ በባልዲ ወደ ውጭ አወጣለሁ።