ቀኝ እግሬ ከመርገጫው ሲወርድ

ከኋላዬ ግርግር ከሰማችሁ፣ አቦ፣ ታገሱኝ። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው፤ ጎረቤቶቼ ለፖድካስት ብለው የስፌት መኪና አያቆሙም።

እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። አሁን የምሰፋው ግን በግራ እግሬ ነው።

ቆርቆሮ ሳስተካክል ከጣሪያ ወደቅኩ፤ በቀኝ እግሬ ነው ያረፍኩት። ሰፈሩ “እንኳን በእግርህ ሆነ!” አለ። ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። ነካ አደረገና “ይሄ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂዱ” አለ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የተሰበረችው ታለስ የምትባል አጥንት ናት፤ በቅልጥምና በተረከዝ መሃል የተሸጎጠች። አንድም ጡንቻ አልተያያዘባትም፣ ከግማሽ በላይ ገጿ በልም አጥንት ተሸፍኗል። የኛ ጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በር አለው፤ ለዚህች ግን ደም የሚገባባት ቦታ ጠባብ ነው፣ ብዙውም በአንገቷ በኩል። የኔ የተሰበረችው እዚያው አንገቷ ላይ።

በብሎን አሰሯት። በስምንተኛው ሳምንት ራጅ ተነሳሁ። ከጎረቤቶቿ ይልቅ ነጥታ ሳያት ደስ አለኝ፤ ነጭ፣ ጠንካራ፣ የዳነች መሰለችኝ። ሐኪሟ ግን በአጥንቷ አናት ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር ነበር የምትፈልገው። ለካ ሕያው አጥንት ሳይረገጥ ሲቆይ ደሙ ማዕድኑን እየወሰደ ያሳሳዋል፣ ራጅ ላይ ይጠቁራል። የኔዋ አልሳሳችም፤ የሚወስድ ደም የለማ! ይህን ምልክት ሆኪንስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ጽፎታል። እኔ በነጩ ስደሰት አስቡት።

ከወራት በኋላ ደም ያጣው አናቷ ሞቶ ተደረመሰ። ሳይደረመስ ቢሆን በመሰርሰሪያ በሳስቶ ግፊቱን ማስተንፈስ ይሞከር ነበር። ኮባልት ክሮም ከሚባል ብረት በ3D ማተሚያ ታትሞ የሚተካ ታለስም አለ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቅዳዋለች። ዋጋውን አልጠየቅኩም።

ለኔ የቀረበልኝ ማጣበቅ ነው። የሞተውን ጠርጎ ማውጣት፣ ከዳሌዬ አጥንት ወስዶ መሙላት፣ ከተረከዜ ሥር እስከ ቅልጥሜ ዘንግ መስደድ። ሁሉም አንድ አጥንት ይሆናል። ሕመሙ ይቀንሳል፣ መታጠፉ ግን አብሮ ይሄዳል።

“ዶክተር፣ የስፌት መኪናዬስ?” አልኳት። መርገጫ የሚረገጠው እኮ በቁርጭምጭሚት ነው።

“ግራህ አለ አይደል?”

ተናድጄ ወጣሁ። ሦስት ወር ሙሉ አልተመለስኩም። መጨረሻ ላይ ሌሊቱ ነው የመለሰኝ፤ ብርድ ልብስ ሲነካው እንኳ ያመኝ ነበር።

ያደነዘዙኝ ከወገብ በታች ብቻ ስለነበር መዶሻውን ሰማሁት። ኳ፣ ኳ። ሕመም የለም፣ ድምፅ ብቻ። የሌላ ሰው በር የሚጠገን መሰለኝ።

አሁን ወደ ኤረር በር ቁልቁለቱን ስወርድ በጎኔ ነው። ሽቅቡም ቢሆን ተረከዜን ያነሳዋል። ግራ እግሬ ደግሞ ገና ተለማማጅ ነው፤ አነሳሱን ሲስት መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ይበጠሳል። ዛሬ ጠዋት አንድ ሱሪ ጨረስኩ፣ ሁለቴ ብቻ ነው የተበጠሰብኝ።

ቆይ... ደንበኛ መጣ። ግቢ እናቴ፣ ግቢ።