ሞተርም ጓንትም ይዞ ሚላኖ መሄድ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ኤይክማ ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ የሞተርሳይክል ትርኢት ነው። የሚካሄደው በሚላኖ አጠገብ፣ ሮ በሚገኘው የትርኢት ማዕከል፣ በእኛ ጥቅምት መገባደጃ ላይ ነው። ስለ እሱ በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች ሦስቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። ከበግ ቆዳ የሞተር ነጂ ጓንት እንሠራለን። የአውሮፓ ማረጋገጫ ገና ስለሌለን ትርኢቱ ላይ ብንደረድረው ችግር አለው?

መልስ፦ ማሳየት ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2016/425 መሠረት ይህ ጓንት የአደጋ መከላከያ ዕቃ ነው፤ ያለ ሲኢ ምልክት፣ ማለትም የኅብረቱን ደንብ ማሟላቱን ከሚያሳየው ምልክት ውጭ፣ ገበያ አይገባም። ያው ደንብ ግን ለንግድ ትርኢት በር ከፍቷል። ዕቃው ደንቡን እንደማያሟላና እስኪያሟላ ድረስ ለገበያ እንደማይቀርብ የሚገልጽ ጉልህ ጽሑፍ አጠገቡ መቆም አለበት። በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ አሠሩት። መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት አይቆጠርላችሁም፤ «አንድ ጥንድ ለማስታወሻ» ብሎ መሸጥም ያው ሽያጭ ነው።

ገዢ መጥቶ የሚጠይቃችሁ ስለ ኢኤን 13594፣ ስለ አውሮፓ የሞተር ነጂ ጓንት መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ የመዳፉ ክፍል በፍትጊያ ሙከራ ሳይበሳ ለደረጃ 1 ቢያንስ 4 ሰከንድ፣ ለደረጃ 2 ደግሞ 8 ሰከንድ መቆየት አለበት። ጓንቱ የእጅ አንጓን አልፎ ለደረጃ 1 በ15 ሚሊሜትር፣ ለደረጃ 2 በ50 ሚሊሜትር መርዘም ይኖርበታል። ከእጅ ተስቦ እንዳይወጣም አንጓው ላይ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የአገራችን ፀጉራም በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተከበረ ነው። እዚህ ላይ ግን ስስነቱ ይጎዳችኋል፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካውን የመዳፍ ግርጌ በሁለት ድርብ ቆዳ ሥሩት። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ነጠላ ስፌት ከቆዳው ቀድሞ ይተረተራል፤ ያን ጊዜ የቆዳው ጥራት ምንም አያድንም።

ናሙናውን በጊዜያዊነት የምታስገቡ ከሆነ ለጉምሩክ በምታቀርቡት ዝርዝር ላይ የእያንዳንዱን ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ ጻፉ። በነፃ የምታድሉት ተመልሶ ስለማይወጣ እዚያ ውስጥ አታስገቡት።

ጥያቄ፦ የገጣጠምናትን የኤሌክትሪክ ሞተር በአውሮፕላን ልንልክ ነው። ባትሪውን ፈተን ለብቻው ብናሽገው አይቀልም?

መልስ፦ ይብሳል። ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ ዩኤን 3480 በሚባለው የአደገኛ ጭነት ቁጥር ይመደባል፤ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፣ በጭነት አውሮፕላንም የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሞተሩ ላይ እንደተገጠመ ሲሄድ ምድቡ ሌላ ነው። ጭነት አስተላላፊያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የዩኤን 38.3፣ ማለትም የሊቲየም ባትሪ የማጓጓዣ ደኅንነት ሙከራ፣ ማጠቃለያ ከአምራቹ ተቀበሉ፤ ማጠቃለያው ሙሉውን የባትሪ ጥቅል የሚመለከት ይሁን። ጥቅሉ የተሠራባቸውን ነጠላ ሴሎች ማጠቃለያ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ዕቃው መጋዘን ይቀርበታል።

እዚያ ስትደርሱ የጎን መቆሚያውን ምንጣፍ ላይ ብቻ አታሳርፉ፤ ይሰምጣል። ከሥሩ ብረት ወይም ወፍራም ጣውላ አድርጉ፣ የፊት ጎማውንም አጥብቁት። ቁልፉን ንቀሉ። ሰው ይቀመጥበታል፤ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ማንንም አያስቆምም።

ጥያቄ፦ ሚላኖ ነው የምኖረው፣ ኤ2 (የመካከለኛ ጉልበት ሞተር) መንጃ ፈቃድ አለኝ። በእርግጥ የሚሸጠውን ሞተር ለማሳያ ብቻ ከተሠራው በምን ልለየው?

መልስ፦ ከኋላ ይጀምሩ። የታርጋ መስቀያ፣ አንጸባራቂ፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ ከሌለው፣ ፍሬሙ ላይም የማረጋገጫ ምልክት ካልተለጠፈ ገና መንገድ ላይ የሚወጣ ሞተር አይደለም። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ በኅብረቱ አገሮች አዲስ የሚመዘገብ ሞተር ዩሮ 5 ፕላስ የተባለውን የጭስ ልቀት ደረጃ ማሟላት ስላለበት ይህንንም ይጠይቁ። ለኤ2 የጉልበት ጣሪያው 35 ኪሎዋት ሲሆን ለአንድ ኪሎግራም የሞተሩ ክብደት ከ0.2 ኪሎዋት መብለጥም አይፈቀድም። ስለዚህ ሙሉ 35 ኪሎዋት ያለው ሞተር ቢያንስ 175 ኪሎ መመዘን ይኖርበታል። ማስታወቂያው «ደረቅ ክብደት» የሚል ከሆነ ነዳጁ አልተቆጠረም፤ 15 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 11 ኪሎ ገደማ ነው። የመቀመጫውን ከፍታም ሞተሩ ታስሮ ሳለ አይለኩ፤ አስፈትተው ይቀመጡና ሁለቱም እግሮችዎ መሬት መድረሳቸውን ይዩ።