የመኪና ማደሪያን መኖሪያ ክፍል ለማድረግ፦ በሩን ከመድፈናችሁ በፊት

(ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፤ ባለ ብረት በር የመኪና ማደሪያ፣ ከጎረቤት አጥር ተጣብቆ)

ግድግዳም ጣሪያም አለው። የብረት በሩን ነቅሎ በብሎኬት መድፈን የሁለት ቀን ሥራ ነው። «አዲስ ቤት አልሠራሁ፣ የምን ፈቃድ?» የሚባለውም ለዚህ ነው። ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ግን ያለን ቤት ማሻሻልና አገልግሎቱን መቀየርም ፈቃድ ይጠይቃል።

ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የግብር ደረሰኙንና ቀድሞ የጸደቀውን ፕላን ያዙ። ማመልከቻው ላይ «ጋራዥ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ መኪና መጠገኛ ነው ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። «የመኪና ማደሪያን ወደ መኝታ ክፍል መቀየር» በሉት። አዲሱ ንድፍ መኪናው ወዴት እንደሚሄድም ያሳይ፤ ግቢ ውስጥ 2.5 በ5 ሜትር ቦታ ምልክት ይደረግበት። የሚከራይ ሱቅ ካሰባችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ ንግድ ሌላ አገልግሎት ነው።

(ምስል፦ የበሩ ክፍተት፣ ሜትር ተዘርግቶ)

በጎረቤት በኩል መስኮት አትክፈቱ። ብርሃኑ በቀድሞው በር ቦታ ላይ በሚተው መስኮት ይግባ። 3 በ6 ሜትር ክፍል 18 ካሬ ነው፤ መስኮቱ ከወለሉ አንድ አስረኛ ይሁን ብንል 1.8 ካሬ፣ ማለትም 1.5 በ1.2 ሜትር ይወጣዋል። በሩ 2.6 በ2.3 ቢሆን የሚደፈነው 4.2 ካሬ ገደማ ይቀራል። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል፤ ከስባሪው ጋር 58 ይበቃል።

በሩ ሥር ግሬድ ቢም (ግድግዳ የሚሸከም፣ ብረት ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ) መኖሩን ቆፍራችሁ እዩ። ከሌለ አዲሱ ግድግዳ የሚያርፈው ስስ ኮንክሪት ላይ ነው፤ ዋልካ መሬት ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል። ከኮለኑ (ከኮንክሪት ምሰሶው) ጋርም በየሁለት ረድፉ ቀዳዳ በስታችሁ ባለ 8 ሚሊ ብረት በማስገባት አስሩት። አለበለዚያ ልስኑ መጋጠሚያው ላይ ቀጥ ብሎ ይከፈታል።

(ምስል፦ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ላስቲክ)

ዋናው ጣጣ ወለሉ ነው። መኪና እንዲወጣበትና ውኃ እንዲፈስበት ወደ በሩ አዘንብሎ የተሠራ ነው፤ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 6 ሜትር ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። ከግቢው ጋር እኩል ከሆነም የሐምሌ ጎርፍ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ከግቢው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ግን ኮርኒስ ከመምታታችሁ በፊት ቁመቱን ለኩ፤ ወለሉ በተነሳ ቁጥር ጣሪያው ይቀርባል።

እርጥበት ከታች መውጣት አለመውጣቱን ለማወቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቁና አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ካለ ወፍራም ላስቲክ ሳታነጥፉ ሲሚንቶ አታፍሱ፤ ጫፉም ግድግዳው ላይ ይውጣ። የሞተር ዘይት የጠጣውን ቦታ ደግሞ በመሮ ጠርቡት። ዘይት ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ውሎ አድሮም ይነሳል።

መብራቱን በአንዱ አምፖል መስመር ላይ አትቀጥሉት። ለሶኬት ባለ 2.5 ሚሊ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ይዘርጋ፤ ምጣድ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል።